ስማቸው 30 ቀን ግድግዳ ላይ

ማታ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጓደኛዬ ናት። ላብ በላብ ሆናለች። የያዘችው አንድ የፕላስቲክ ክላሰር ብቻ ነው።

"ይሄ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ። ለሳንክራንቲ በዓል አባቴ ነገ ሊወስደኝ ይመጣል። ዕቃዬን ይፈትሽ ይሆናል" አለችኝ።

ከሄደች በኋላ ከፍቼ አየሁት። የ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬቷ፣ ፓስፖርቷ፣ የባንክ ደብተሯ፣ 6 ጉርድ ፎቶ። በቃ። ከቤት ለመውጣት የምታስብ ልጅ ልብስና ወርቅ ታሸሻለች እንጂ ወረቀት ታሸሻለች ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ህንድ የሚማሩ ልጆች ደውለው "ጓደኛችን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟታል፣ ምን እናድርግ?" ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ወረቀት ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሃይደራባድ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር። ታርናካ የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ጓደኛዬ የክፍሌ ልጅ ናት፣ 24 ዓመቷ። ሂንዱ ናት፣ መሬት ካላቸው፣ በወረዳቸው ከሚከበሩ ሰዎች ቤት የተወለደች። ልታገባው የምትፈልገው ልጅ 26 ዓመቱ ነው፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። ዳሊት ነው። ዳሊት ማለት "አይነኬ" እየተባሉ ከካስቱ፣ በትውልድ ከሚወረሰው የማዕረግ ደረጃ፣ በታች ሲገፉ የኖሩ ሰዎች ማለት ነው። ቤተሰቦቹ ደግሞ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ናቸው። ስለዚህ ለአባቷ ነገሩ በሁለት በኩል አይሆንም። ካስቱም ሃይማኖቱም።

እኛ ይሄ አይገባንም ማለት አንችልም። እኛም አገር ከሸክላ ሠሪና ከቀጥቃጭ ቤት አንጋባም የሚሉ አሉ። እኔም ያደግኩት ይሄን እየሰማሁ ነው።

ሊጋቡ እንደሚፈልጉ ሲነግሩኝ ወዲያው ወደ አፌ የመጣው "ሽማግሌ እንላክ" የሚል ነበር። እኛ ጋ ነገር ሲከር የሚደረገው ይሄ ነዋ። ትልቅ ሰው ይሄዳል፣ ይለመናል፣ እግር ላይ ይወደቃል። አባትም ቀስ በቀስ ይለዝባል። ጓደኛዬ ዝም ብላ አየችኝና "ሚርያላጉዳን ረሳሽው?" አለችኝ።

አልረሳሁትም። ሚርያላጉዳ ከሃይደራባድ ብዙ የማትርቅ፣ ናልጎንዳ አውራጃ ያለች ከተማ ናት። በ2018 መስከረም ላይ አንድ ወጣት ዳሊት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ለክትትል ሐኪም ቤት ወስዶ ሲወጣ፣ በር ላይ፣ ዓይኗ እያየ ተገደለ። ገዳይ ቀጥረዋል ተብለው የተከሰሱት የገዛ አባቷ ነበሩ። ፍርዱ የተሰጠው በ2025 ነው። አባትየው ከዚያ በፊት ሞተዋል፤ ገዳዩ ሞት ተፈርዶበታል። እኛ ይሄን ስናወራ ግን ግድያው ገና አራት ወሩ ነበር። ቪዲዮውን ከተማው በሙሉ አይቶታል።

ስለዚህ ሽማግሌ አልላክንም። እንዲህ ባለ ቤት ሽማግሌ መላክ ማለት ቀኑንና ሰውየውን አስቀድሞ መናገር ማለት ነው። ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ቤተሰቡ ቢበዛ የሚያኮርፍ ከሆነ ላኩ። እጁን የሚያነሳ ከሆነ መጀመሪያ ሕጉን ያዙ፣ ሽማግሌው በኋላ ይደርሳል።

ጠበቃ አገኘን። በነጻ። በህንድ በ1987 በወጣው የሕግ ድጋፍ አዋጅ መሠረት ሴት የሆነች ሁሉ፣ ገቢዋ ሳይታይ፣ መንግሥት የሚከፍለው ጠበቃ የማግኘት መብት አላት። በመንግሥት ዝርዝር የተያዙ ዳሊቶችና የነባር ጎሳ ተወላጆችም እንዲሁ። በየአውራጃው ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ቢሮ አለው። ስልኩ በመላው አገሪቱ 15100 ነው። ጓደኛዬ ዲግሪ ይዛ፣ ከተማ ኖራ፣ ይሄን አታውቅም ነበር።

የደረሱን ጠበቃ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ማዳም ነው የምንላቸው። ፍቅራቸውን አልጠየቁም። ያሉት "የልደት ቀንሽን የሚያሳይ ምን አለሽ?" ነው። ክላሰሩን አወጣሁ። የ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን አይተው ተነፈሱ። ህንድ ውስጥ ለዕድሜ ማስረጃ ትልቁ እሱ ነው። አድሃር የሚባለውን መታወቂያ ሁሉም ሰው ይይዛል፣ ግን ለልደት ቀን የታመነ ማስረጃ አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 እንደዚያ ብሏል። ቤተሰብ ልጁን ለማስቀረት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚደብቀው ያንን ሰርተፍኬት ነው፣ ከዚያ "ልጄ ለአካለ መጠን አልደረሰችም" ይላል። የተደበቀባችሁ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙዎቹ የፈተና ቦርዶች ዲጂሎከር በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ ላይ ያስቀምጡታል፣ በስልክ ይወርዳል።

ቀጥሎ "በየትኛው ሕግ ትጋባላችሁ?" አሉ። ሁለቱም ሂንዱ ቢሆኑ ኖሮ በ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ አዋጅ ቤተ መቅደስ ተጋብተው ማስመዝገብ ይችሉ ነበር። እሱ ክርስቲያን ስለሆነ ቤተ ክርስቲያንም ይቻላል። ግን የጠየቁት ቄስ "መጀመሪያ ትጠመቅ" አሉ። እሷ ደግሞ ለጋብቻ ብዬ ሃይማኖት አልቀይርም አለች። ማዳም በዚህ ደስ አላቸው። በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። በአንዳንድ ግዛቶች፣ ኡታር ፕራዴሽን በመሳሰሉት፣ ለጋብቻ ተብሎ ሃይማኖት መቀየርን የሚከለክል ሕግ አለ፤ ባልየውን እስር ቤት ይከተዋል። ሃይማኖት ሳይቀየር የሚጋቡበት ንጹሕ መንገድ የ1954ቱ ልዩ የጋብቻ አዋጅ ነው። እኛ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈራረም የምንለው ዓይነት ነው።

ችግሩ ግን አንድ ነው። ማስታወቂያው።

ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ 30 ቀን በኖረበት አውራጃ ላለው የጋብቻ መዝጋቢ ማመልከቻ ይገባል። መዝጋቢው ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ አድራሻቸውን ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ለ30 ቀን። ማንም አላፊ አግዳሚ ያነባል። ይባስ ብሎ ከሁለቱ የአንዱ ቋሚ መኖሪያ ሌላ አውራጃ ከሆነ ቅጂው እዚያም ሄዶ ይለጠፋል። ለጓደኛዬ ይሄ ማለት ወረቀቱ አባቷን ሁሉም ሰው በስም በሚያውቅበት ከተማ ይሰቀላል ማለት ነው። የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021 ማስታወቂያው ተጋቢዎቹ ካልፈለጉ መለጠፍ የለበትም ብሎ ፈርዷል። ይሄ ፍርድ ለኡታር ፕራዴሽ ነው፣ የእኛዎቹ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የተጋቡት። አሁንም በአብዛኛው ቦታ ይለጠፋል፤ እንደሚለጠፍ አስባችሁ ተዘጋጁ።

ማዳም ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር አስደረጓት። ጓደኛዬን ያተረፋት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሏን አስጻፏት። ዕድሜዬ ይሄ ነው፣ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልጠለፈኝም፣ በፈቃዴ ነው የማገባው፣ ከቤተሰቤ ጉዳት ይደርስብኛል ብዬ እሰጋለሁ፣ ጥበቃ እፈልጋለሁ። አንድ ገጽ አይሞላም። ቃለ መሐላ አድርጋ ፈረመች። ቅጂው በሪኮማንዴ ፖስታ ወደ ሦስት ቦታ ሄደ። እኛ ሰፈር ላለው ፖሊስ ጣቢያ፣ በትውልድ ከተማዋ ላለው ጣቢያ፣ ለአውራጃው የፖሊስ አዛዥ። የፖስታ ቤቱን ደረሰኞች እኔ ክላሰሩ ውስጥ ከተትኳቸው።

ማስታወቂያው የወጣ ቀን እሷ ለሠራተኛ ሴቶች የተሠራ ማደሪያ ገባች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 27 ቀን 2018 ላይ ሻክቲ ቫሂኒ በሚባለው ጉዳይ በየአውራጃው ለእንዲህ ያሉ ጥንዶች መጠለያ ይዘጋጅ፣ የ24 ሰዓት ስልክ ይኑር ብሎ አዟል። ፑንጃብና ሃሪያና፣ በኋላም ዴልሂ መጠለያው አለ። እኛ ግን በቀላሉ የምንገባበት አላገኘንም። ትእዛዝ ወጥቷል ማለት በሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም። አስቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

በ19ኛው ቀን ከፖሊስ ጣቢያ ተደወለ። አባቷ መጥተዋል። ልጄ ተጠልፋለች ብለው አመልክተዋል።

ጣቢያው በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ውስጥ እሷና ማዳም ብቻ ገቡ። አባቷን ያን ቀን አየኋቸው። ጨካኝ ሰው ነበር የጠበቅኩት። የእኔን አባት የሚመስሉ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው አቧራ የለበሰ ሰው ናቸው። በእጃቸው አንድ ማሰሮ ይዘዋል። እናቷ የላከችላት አቫካያ ነው፣ በዘይትና በቅመም የተዘፈዘፈ ማንጎ። አልቅሰዋል። ይሄን የምጽፈው ሰዎች ወደዚህ ነገር ሲገቡ ቁጣን ብቻ ተዘጋጅተው ስለሚመጡ ነው። እሷን ልታሸንፋት የቀረበችው የአባቷ እንባ ነው፣ ስድባቸው አይደለም።

ኃላፊው "አባትሽ እያለቀሱ ነው፣ ለሁለት ቀን ቤት ሂጂና ተነጋገሩ" አላት። ክፉ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። ብዙዎቹ እንደዚህ ማስታረቅ ሥራቸው ይመስላቸዋል። ማዳም ደግሞ ለዚህ ቀን አዘጋጅተዋታል። የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ለአካለ መጠን ደርሻለሁ፣ በፈቃዴ ነው፣ ከእሳቸው ጋር መሄድ አልፈልግም።" ሦስት ጊዜ አለችው። ከዚያ ማዳም የፖስታ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ደብዳቤው እዚያው ጣቢያ ከ3 ሳምንት በፊት ገብቷል። ተጠልፋለች የሚለው ነገር እዚያው ላይ ተበጠሰ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት "አልሄድም" ካለች ፖሊስ ለወላጅ ሊያስረክባት አይችልም። የጠለፋ ክስ ከተመዘገበ ዳኛ ፊት ቀርባ ቃሏን እንድትሰጥ ጠይቁ፤ ዳኛው የጻፈው ቃል ከጣቢያው ቃል በላይ ይከብዳል። በጉልበት ከተወሰደች ደግሞ ፍቅረኛዋ በቀጥታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ፍርድ ቤቱ አቅርቧት ብሎ ያዛል፣ ፊት ለፊት ይጠይቃታል።

ማሰሮውን ተቀበለች። መኪናቸው ውስጥ ግን አልገባችም። "ውጪ ወጥተን ሻይ እንጠጣ" ሲሏትም አልወጣችም። ማዳም ይሄን አጥብቀው ነግረዋት ነበር። ብዙ ሴቶች የሚወሰዱት ከጣቢያው በር እስከ መንገዱ ባለችው ርቀት ነው።

በማግስቱ ማዳም ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጥበቃ አቤቱታ አስገቡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 226 ነው የሚቀርበው። መሠረቱ አንቀጽ 21 ነው፣ የሕይወትና የነጻነት መብት። የጠቀሷቸው ፍርዶች ስማቸውን ብታውቁት ጥሩ ነው፤ ጣቢያ ውስጥ መጥራት ብቻውን ይረዳል። አንዱ ላታ ሲንግ የሚባለው የ2006 ፍርድ ነው። አንዲት ሴት ከሌላ ካስት ሰው አገባች፣ ወንድሞቿ በባሏ ቤተሰብ ላይ ክስ አስመሠረቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሰረዘው። ወላጅ ቅር ካለው ቢበዛ ግንኙነቱን ያቋርጥ፣ ማስፈራራትና መምታት ግን አይችልም፣ ፖሊስም ይጠብቃቸው አለ። ሁለተኛው ሻክቲ ቫሂኒ ነው። ሁለት አዋቂዎች ከተስማሙ የቤተሰብም የጎሳም ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ሦስተኛው የሃዲያ ጉዳይ፣ የ2018። የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያፈረሰውን ጋብቻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሶ አጸናው፤ የፈለጉትን ሰው ማግባት የአንቀጽ 21 አካል ነው አለ።

ትእዛዙ አጭር ነበር። ፖሊስ ስጋቱን አይቶ ጥበቃ ያድርግ የሚል ነው። ልጁ ቅጂውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይዞ መዞር ጀመረ።

በ28ኛው ቀን አጎቷ መዝጋቢው ጋ ሄዶ መቃወሚያ አስገባ። "ካስታችን አይገጥምም፣ ልጅቷ ተታላለች" የሚል ነው። መቃወሚያ ሲባል ሁላችንም ደነገጥን። ማዳም ግን አልደነገጡም። ሕጉ የሚቀበላቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አንዳቸው ያልፈረሰ ሌላ ትዳር ካላቸው። ፈቃድ ለመስጠት የሚያበቃ የአእምሮ ጤና ከሌለ። ወንዱ 21፣ ሴቷ 18 ካልሞላቸው። ዝምድናቸው ሕጉ ከከለከለው ውስጥ ከሆነ። ካስት የለበትም፣ ሃይማኖት የለበትም፣ የአባት ፈቃድ የለበትም። መዝጋቢው መቃወሚያውን መርምሮ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ከተቀበለው ለአውራጃው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል። በቅን ልቦና ያልቀረበ ሆኖ ካገኘው ደግሞ ተቃዋሚውን እስከ 1,000 ሩፒ ሊያስከፍለው ይችላል። የአጎቷ በ4ኛው ቀን ውድቅ ሆነ።

የመፈራረሙ ቀን 3 ምስክር ያስፈልጋል። አንዷ እኔ ልሆን ነበር። ጸሐፊው ፓስፖርቴን መለሰልኝና የህንድ መታወቂያ ያለው ሰው አምጡ አለ። ሕጉ እንደዚያ አይልም። ማዳም "ዛሬ የክርክር ቀን አይደለም" አሉ። ከእሱ ጓደኞች አንዱ ፈርቶ ቀርቷል፣ ስልኩ ዝግ ነው። የተረፍነው አከራዬ ስለመጡ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በየቀኑ ቤተ መቅደስ የሚሳለሙ፣ ጥብቅ ሂንዱ ናቸው። ለካ ከሳምንት በፊት ነገሩ ገብቷቸዋል። የበዓል ሳሪያቸውን ለብሰው፣ የጃስሚን አበባ ይዘው መጡና ፈረሙ። ስለዚህ 3 ምስክር ሲባል 5 ሰው አዘጋጁ።

እሱ "ሕጋዊ ሚስቴ አድርጌ ተቀብዬሻለሁ" አላት፣ እሷም እንደዚያው አለችው። በመዝጋቢውና በምስክሮቹ ፊት ይሄ ቃል ካልተባለ ጋብቻው አይጸናም። ማስታወቂያው ከገባ በ3 ወር ውስጥ ካልተፈጸመም እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

ከዚህ ታሪክ ውጪ ያሉ ግን የሚጠይቁኝ ነገሮች አሉ። ልጅቷ 18 ካልሞላት ይሄ ሁሉ አይሠራም፤ ልጁ በከባድ ወንጀል ይከሰሳል፣ ጠብቁ። ልጁ ከ18 በላይ ግን ከ21 በታች ከሆነ መጋባት አይችሉም፣ አብሮ መኖር ግን መብታቸው መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ተናግሯል። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች ጋብቻ በ2023ቱ ውሳኔ እውቅና አላገኘም። "ከውርስ እነቅልሻለሁ" የሚለው ዛቻ ግማሹ እውነት ነው። አባት ራሱ ያፈራውን ለፈለገው ይናዘዛል። ከአያት ቅድመ አያት የወረደው ላይ ግን ሴት ልጅ ከ2005 ጀምሮ ከወንድሟ እኩል ድርሻ አላት፣ አባት ስለተቆጣ አይጠፋም። ሐበሻ ሆናችሁ ህንዳዊ የምታገቡም በዚሁ በ1954ቱ አዋጅ ትጋባላችሁ። የጸና ቪዛና ያላገባችሁ መሆኑን የሚገልጽ የኤምባሲ ወረቀት አዘጋጁ።

እንደ እኔ ጓደኛ ሆናችሁ መሐል ለምትገቡ ደግሞ ማዳም ያሉኝን ልንገራችሁ። "የተማሪ ቪዛ ነው ያለሽ። አትደብቂያት፣ በመኪና አታመላልሻት፣ ፖሊስ ከጠየቀሽ አትዋሺ። ወረቀቷን ጠብቂ፣ ስልክሽን ክፍት አድርጊ።" ከዚያ በላይ አላደረግኩም። አስቸኳይ ከሆነ 112 ፖሊስ ነው፣ 181 የሴቶች መስመር።

አሁን ባንጋሎር ይኖራሉ። ሴት ልጅ ወልደዋል። አባቷ እስካሁን አላናገሯትም። እናቷ ከጎረቤት ስልክ ትደውላለች፣ በየበጋው አቫካያ በፖስታ ትልካለች። ክላሰሩን የፈረሙ ቀን ልመልስላት ስል "አንቺ ጋ ይቆይ" ብላኝ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ኤርፖርት ላይ ነው የሰጠኋት። የፖስታ ደረሰኞቹ ቀለማቸው ደብዝዟል፤ አሁንም አልጣለቻቸውም።